ትንሽ አሞት ነው

ሽማግሌዎቹ ከሐዲዱ ማዶ ብቅ ሲሉ ኢፍቱ የፊልም ጽሑፏን ጠቅልላ ያዘች። ልክ እንደጻፈችው ነው የሚራመዱት። ከፊት የእድሩ ዳኛ አቶ ሰቦቃ ከዘራቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ ከኋላቸው ኮታቸውን የቆለፉ ወንዶች፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ማንም አያወራም። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። የአቃቂ ጉም ከፋብሪካው ጭስ ጋር ተደባልቆ ጠባቧን መንገድ ሞልቷታል፤ ካሜራ ያዡ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ የኋሊት እየሄደ ይቀርጻቸዋል።

«ኧረ አቦ!» አለ ዳይሬክተሩ የአብስራ በሹክሹክታ። «ተዋናይ ከፍለን ብናመጣ እንዲህ አይራመድልንም። የት ነው የተማሩት?»

«እዚሁ ሰፈር» አለች ኢፍቱ።

ቀልዷን አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት እነዚሁ ሰዎች በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ አረማመድ ወደ እሷ ቤት መጥተው ወንድሟ ገዳ ባሕር ላይ መቅረቱን አርድተዋታል። አሁን ስለ ፊልሙ ስትለምናቸው እምቢ ያላት የለም። «ላንቺ ያልሆንን ለማን እንሆናለን» ብለው ነጠላቸውን አጥበው ነው የመጡት።

የሚቀረጽበት ቤት ከመንገዱ መጨረሻ ነው። እዚያ ለመድረስ በወይዘሮ ዲንቄ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ማለፍ ግድ ነው። ወይዘሮ ዲንቄ ዱከም እህታቸው ዘንድ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ኢፍቱ የምታውቀው እንደዚያ ነበር።

ሰማያዊው በር ተከፈተ።

ወይዘሮ ዲንቄ ኪዳን ሊያስደርሱ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። የተመለሱት ትናንት አመሻሹ ላይ ነው። ፊልም እንደሚቀረጽ የነገራቸው የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ነግሯቸዋል ብሎ አስቦ ነበር። አንድ እግራቸው ከደጃፉ ውጪ እንዳለ ቆሙ። አቶ ሰቦቃን አዩ። ሴቶቹን አዩ። አንገት ላይ የወጣውን የነጠላ ጥለት አዩ። ካሜራውን ያዩት አይመስልም። ልጃቸው ቃልቤሳ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ካቀና ዓመት አልፎታል፤ ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ድምፁ አልተሰማም።

እግራቸውን መልሰው ገቡና በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ተሰማ።

«አትንገሩኝ!» አሉ ከውስጥ። «ሂዱ! ሳትነግሩኝ ሂዱ!»

ሰልፉ ባለበት ቆመ። አቶ ሰቦቃ ወደ በሩ ተጠጉ።

«ዲንቄ፣ ክፈቺ። ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ ለምን መጣችሁ?»

«ፊልም ነው፤ የኢፍቱ ፊልም። ወዳንቺ አይደለም የመጣነው፤ በደጅሽ ስናልፍ ነው።»

«ፊልም!» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ። «ሌላ ጊዜ በሽታ ነበር፤ ዘንድሮ ፊልም ሆነ?»

«በእግዚአብሔር ስም! ቃልቤሳ ደህና ነው።»

አቶ ሰቦቃ ምን እንዳሉ የገባቸው ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ደህና ነው ካሉኝማ አበቃ» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፤ ድምፃቸው ቀዝቅዞ። «ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ‹ትንሽ አሞት ነው› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነበር። በገዳ ሞት ጊዜም እኔ ራሴ አብሬያችሁ ነበርኩ፤ ‹ሆስፒታል ገብቷል፣ ተርፏል› ብዬ ለኢፍቱ የጀመርኩላት እኔ ነኝ። የምትሉትን አውቀዋለሁ። ዛሬ እኔን አታታልሉኝም።»

ማን ምን ብሎ ይመልስ? እውነቱም ውሸቱም አንድ ዓይነት ቃል ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ የራሷን የሞተ አስታውሳ ይሁን የወይዘሮ ዲንቄ ድምፅ ከብዷት፣ ሳግ አመለጣት። ጎረቤቷ በክርኗ ጎሰመቻት፤ ግን ተሰምቷል። ከበሩ ወዲያ አንድ ሰው መሬት ላይ ዘጭ ሲል ሰሙ።

«ልጄን!»

የካሜራው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ኢፍቱ አየችው። «አቁም» ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ሌላ ሴት፣ ጸሐፊዋ፣ ታወራለች፦ እኔ የጻፍኩት ጩኸት ነበር፤ መጻፍ የነበረብኝ በር መቆለፍ ነው።

ኢፍቱ አስፈሪ ፊልም መጻፍ የጀመረችው አቃቂ ገበያ አጠገብ በምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ነው። ያስተማራት የለም። የሌሎችን ፊልም እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ የት ላይ እንደደነገጠችና ለምን እንደደነገጠች እየለየች ነው የተማረችው። የመጀመሪያ ጽሑፏ ወደ ጅብነት ስለሚለወጥ ሰው ነበር። አንድ ፕሮዲውሰር ጥቂት ገጽ አነበበና «እህቴ፣ ጅቡን ከየት ልናመጣው ነው?» ብሎ ሳቀባት። ሁለተኛው ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ስላልገባበት አንድ ብሎክ ነበር። «ሰው ቤት ደርሶት ደስ ሲለው አንቺ ታስፈራሪዋለሽ?» አላት ሌላው። «ኮሜዲ ጻፊ። ሕዝቡ ፍርሃት ሞልቶታል፤ ብር ከፍሎ አይጨምርም።»

ገዳ ከሞተ በኋላ ግን ማንም ያላስተማራትን ነገር አወቀች። ያስፈራት መርዶው ራሱ አልነበረም፤ ከመርዶው በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው፤ ያውም ዘግይታ ስታስታውሳቸው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ባለሱቋ ሰዓዳ ዳቦ ስትሰጣት ዐይኗን አላነሳችም፤ ቤት ገብታ ስታየው አንድ ትርፍ ዳቦ ነበረበት። ልጆቹ ከደጇ ኳስ መጫወት ተዉ። የታክሲ ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም አላት። እሷም «ዛሬስ አምሮብኛል መሰለኝ» ብላ እየሳቀች ወረደች። ያንን ሳቋን ዛሬም ድረስ ማስታወስ አትወድም።

«ማለዳ የሚመጡ» የተባለውን ጽሑፍ የጻፈችው ከዚያ ነው። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች በየማለዳው አንድ በር እያንኳኩ መርዶ ይናገራሉ። ሞተ የተባለው ሰው ግን በሕይወት አለ። በማግስቱ ይሞታል። የአብስራ አንብቦ ሲጨርስ አልሳቀም። «እናቴ ጋ ደውዬ ድምፅዋን ሰማሁ» ብቻ አላት። ከስንት ዓመት እምቢታ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው እሺታ ነበር። ፕሮዲውሰር አገኘላት፤ ጽሑፉን ፈርማ ሰጠች፤ ያን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ ስሟን በትልልቅ ፊደል አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሽማግሌዎቹ የሰማያዊውን በር መቀርቀሪያ በብረት ፈልቅቀው ሲገቡ ፀሐይ ወጥታለች። ወይዘሮ ዲንቄ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፍተው፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ወገባቸውን በነጠላ አስረው ተቀምጠዋል። ባለ ቁልፏን ስልካቸውን በሁለት መዳፋቸው ይዘዋታል።

ጎረቤቱ ገብቶ ዙሪያውን ተቀመጠ። ከዚያ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጠፋ። ሴቶቹ ቢያለቅሱ ማርዳት ነው፤ ባያለቅሱ መደበቅ ነው።

«ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ጥየቃ?» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉት አቶ ሰቦቃ። «ድንኳን ግን አይተከልም! ሰው ሳይሞት ድንኳን የለም።»

«ይደብቁኝ» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፣ ዐይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። «እስከ መቼ ይደብቁኛል?»

ሰዓዳ ሱቋን ዘግታ በፌስታል ዳቦ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ኢፍቱን ጎተት አደረገቻት። «ንፍሮ ብቀቅል ልጁን በቁሙ ገደልኩት። ባዶ እጄን ብመጣ ደግሞ ጎረቤት አይደለሁም። ዳቦ አመጣሁ፤ ዳቦ ለሁሉም ይሆናል» አለች። ከዚያ የኢፍቱን ፊት አየችና «አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔስ ትናንት ማታ ወተት ስሸጥላቸው አልነገርኳቸውም» አለቻት።

ከቃልቤሳ ጋር አብሮ የወጣው ልጅ ቁጥር ላይ ተደወለ፤ አይጠራም። ያሻገራቸው ደላላ ጋ ተደወለ፤ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ሲሰማ ዘጋው። ወይዘሮ ዲንቄ ሁሉንም እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እያንዳንዱ ዝምታ ምስክር ሆነባቸው። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ።

የኢፍቱ ስልክ ጮኸ። ወደ ግቢው ወጣች።

«ኢፍ፣ የት ጠፋሽ? እኛ ዕቃውን ጭነን ገላን ደርሰናል» አለ የአብስራ።

«ወይዘሮ ዲንቄ ቤት ነኝ።»

«እንዴት ሆኑ እናት?»

«እንዴት ይሁኑ?»

«ያሳዝናል፣ ሙች። ግን ስሚኝ፣ የጠዋቱን ለፕሮዲውሰሩ ልኬለት አየው። አበደ በቃ! በሩን ሲዘጉት፣ ‹አትንገሩኝ› ሲሉ... እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አገር ተቀርጾ አያውቅም ነው የሚለው።»

«አስፈቀዳችኋቸው?»

«ሲረጋጉ እንነግራቸዋለን። ፊታቸው እኮ ብዙም አይታይም፤ ድምፃቸው ነው። አሁን ችግሩ መጨረሻው ነው። ያንቺ መጨረሻ ከዚህ በኋላ ይቀዘቅዛል። የእሳቸውን በር መሃል ላይ አድርገሽ አዲስ መጨረሻ ጻፊ፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይድረሰን፤ ነገ ጠዋት እንቀርጸዋለን።»

«አጥፉት፣ የአብስራ።»

«ምኑን?»

«የጠዋቱን።»

«ጽሑፉን ፈርመሽ ሰጥተሻል፣ ኢፍ። አንቺ ባትጽፊው ሳሪስ አቦ አንድ ልጅ አለ፤ በአንድ ቀን አገጣጥሞ ያስረክባል፤ ያበላሸዋል እንጂ። እኔ እንዲበላሽ አልፈልግም። ሰውዬው የሚቀጥሉትንም ሁለት ፊልሞች ላንቺ ሊሰጥ ነው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ይሄን ጨርሺ፣ በቃ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደህና ሰንብች።»

«ሴትዮዋ እኮ ፍራሽ ላይ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ግን አጠገቤ ነበርሽ፤ አቁም አላልሽኝም።»

መልሷን ሳይጠብቅ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብሎ ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ሥራው ሄደ። ወይዘሮ ዲንቄን ብቻቸውን መተው ስለማይሆን ተራ ተደረገ፤ ኢፍቱ «እኔ እቀመጣለሁ» አለች። ቤቷ ደርሳ ላፕቶፗን በቦርሳ ይዛ ተመለሰች። ለምን እንዳመጣችው ለራሷ አልነገረችም። ወይዘሮ ዲንቄ ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸው ሲወድቅ ቀስ ብላ ከፈተችው። ያረጀ ነው፤ ባትሪው ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ይዟል። ለሚጠበቅባት ነገር ይበቃት ነበር።

«ውጪ። ማለዳ። ሰማያዊ በር» ብላ ጻፈች።

ከዚያ እጇ ራሱ ሄደ። እናትየዋ በሩን ይቆልፋሉ። ከውጪ ያሉት እውነቱን ይናገራሉ፤ እውነቱ ግን ውሸት ሲነገር የኖረበትን ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እናትየዋ አያምኑም፤ ልጃቸውን በሕይወት እያለ ያለቅሱታል፤ ልቅሷቸው ልጁ ያለበት ድረስ ይሄዳል። ኢፍቱ ቀና ብላ የጻፈችውን አነበበችው። ጥሩ ነበር። እስከ ዛሬ ከጻፈችው ሁሉ የበለጠ ጥሩ ነበር። ጀርባዋን ሲበርዳት ብርዱ የመጣው ከጽሑፉ ይሁን ከራሷ መለየት አቃታት።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

ወይዘሮ ዲንቄ ዐይናቸውን ገልጠዋል።

«ሥራ ነው፣ እትዬ ዲንቄ። ቀሰቀስኩዎት?»

«አልተኛሁም። ያ ፊልም ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እውነት ፊልም ከሆነ» አሉ፤ ቃሉን እንደማያምኑት ሰው ዕቃ በርቀት ይዘው፤ «መርዶ የሚነገርበት ልጅ መጨረሻው ምን ይሆናል?»

በማግስቱ ይሞታል። ኢፍቱ ከሁሉም በፊት የጻፈችው እሱን ነበር፤ ፊልሙ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

«ይመለሳል» አለች። «መጨረሻው ላይ በር ይንኳኳል። ሲከፈት እሱ ነው።»

ወይዘሮ ዲንቄ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አንቺም ለመድሽው፣ ልጄ» አሉ። «ድምፅሽ ራሱ እንደኛ ሆነ።»

ኢፍቱ አቀረቀረች።

«እኔስ ያኔ ‹ሆስፒታል ነው› ስልሽ አምነሽኝ ነበር?»

«አምኜዎት ነበር። ‹ስልክ ስጡኝ፣ ላናግረው› ብዬዎት ነበር።»

«ትዝ ይለኛል» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ። «ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ‹ካርድ የለውም› አልኩሽ። ምን ላርግ? ወንድምሽ ሳይሞት እንዲቆይልሽ ፈልጌ ነው። አንዲት ደቂቃም ብትሆን።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹት። «ዛሬ ጠዋት የቆለፍኩትም ለዚያች ደቂቃ ነው። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ልጄ አለ።»

እዚያው እንዳሉ ስልካቸው ጢው አለች። ሁለቱም ደነገጡ። ወይዘሮ ዲንቄ ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩዋት፤ ከዚያ ለኢፍቱ ዘረጉላት። ባትሪዋ ሊያልቅ ነው።

«ሊጠፋ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቻኮለ። «መብራት አልመጣም?»

«አልመጣም።»

«ቢደውልስ? ዝግ ነው ቢለው? እሱ አንዴ ካጣኝ ቶሎ አይመልስም፤ እንዲህ ነው ጠባዩ።»

ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱለት ለዋሉት ልጅ «ነበር» ሳይሆን «ነው» አሉ። ራሳቸው የሰሙት አይመስሉም።

ኢፍቱ ወደ ሰዓዳ ሱቅ ሮጠች። የሰዓዳ ፓወር ባንክ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ሲሞላበት አልቋል። «እኔ ስልኩን ይዤ ሳሪስ ልውጣ፤ እዚያ መብራት አለ አሉ» አለች ሰዓዳ፤ የስልክ ገመድ ከመደርደሪያው አውርዳ እያቀበለቻት። ኢፍቱ ይህን ይዛ ስትመለስ ግን ወይዘሮ ዲንቄ ስልኩን ከእጃቸው ሊለዩት አልፈቀዱም። «እዚህ ይሁን» አሉ። «እዚህ ከእኔ ጋር ይሁን።»

ላፕቶፑ ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደተከፈተ ነው። የባትሪውን ግማሽ በልቷል፤ የቀረው ለጽሑፉም ለስልኩም አይበቃም። የቀረው ትዕይንት፣ የበሩ መጨረሻ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ቁጭ ብላ ብታወርደው ባትሪው ሳይዘጋባት ትጨርሰዋለች። ባትጽፈው የሳሪሱ ልጅ ይጽፈዋል። የወይዘሮ ዲንቄ ጩኸት በዚያም በዚህም ሲኒማ ቤት ይገባል። ያ አይቀርም። የሚቀረው የእሷ ስም ብቻ ነው።

ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ሌላውን ጫፍ ወይዘሮ ዲንቄ መዳፍ ውስጥ እንዳለ ስልካቸው ላይ ሰካች። ትንሿ የባትሪ ምልክት መሙላት ጀመረች። ኃይል እንዲቆጥብ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው፤ የጻፈችው ገጽ ጠቆረ፣ ፊደሎቹ ጠፉ።

ሁለቱ ሴቶች በገመዱ ዙሪያ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከደጅ የታክሲ ረዳት «ቃሊቲ፣ ሳሪስ!» እያለ ይጣራል። የኢፍቱ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ። የወይዘሮ ዲንቄ ስልክ አልጮኸም።

«ሥራ አስፈታሁሽ» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፣ የጠቆረውን ላፕቶፕ እያዩ።

«ኧረ የለም» አለች ኢፍቱ፤ ገመዱ እንዳይነቀል በጣቷ እየደገፈች። «ትንሽ ነው የቀረኝ።»